ከወልዲያ እስከ መርሳ፦ በስኒ የሚቆጠብ፣ በድንኳን የሚበተን

ወልዲያ የመንገዶች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ የመጣው መንገድ እዚህ ደርሶ ይከፈላል፤ አንዱ በቆቦና በአላማጣ በኩል ወደ መቀሌ፣ ሌላው ዳገቱን ወጥቶ በጋሸና ወደ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ይሄዳል። ስለዚህ የደጋው ገብስና ባቄላ፣ የቆላው ማሽላና ጤፍ እዚሁ ይገናኛሉ። ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና የጫነው መኪናም ሳይቆም አያልፍም። ገበያዋ ሙሉ ነው፤ ገበያ ሲሞላ ደግሞ ኪስ ይፈተናል።

ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢወርዱ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን መርሳን ያገኛሉ። ወልዲያ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን መርሳ ወደ 1,600 ሜትር ዝቅ ትላለች። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው መርሳ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል። በዚህ መንገድ መመላለስ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ድሮ የክትባት ዕቃ ይዤ ነበር፤ ዛሬ ዘንቢል ይዤ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ሰው ስሜን ትቶ «ሲስተር» ይለኛል። ሕመሙን ይነግረኛል፤ የቤቱን ችግርም ይነግረኛል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

ከደመወዝ ወደ ጡረታ የተሸጋገረ ሰው ሒሳብ ሳይወድ ይማራል። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለች ነርስ እንግዲህ 55 በመቶ ይደርሳታል። ገቢው ወደ ግማሽ ወረደ ማለት ነው፤ ሽንኩርት ግን ለጡረተኛ በግማሽ ዋጋ አይሸጥም። ይህን የማነሳው ገና ሥራ ላይ ያሉት ልጆቻችሁ 60 ዓመት ከመሙላታቸው በፊት ቁጥሩን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

በእኛ ሰፈር ቁጠባ አስተማሪ አያስፈልገውም። ጤፍ ብቻውን የሚጋገርበት ቤት ጥቂት ነው፤ ከማሽላ ጋር ይደባለቃል። እጁን ላወቀበት ሰው እንጀራው ለስላሳ ነው፣ ሆድም ይይዛል። ቡና በየቤቱ በየቀኑ አይፈላም። ዛሬ እትዬ እገሊት ቤት፣ ነገ እኛ ቤት፣ ከነገ ወዲያ ከማዶ ይፈላል፤ አቦሉም በረካውም ሳይቀር አንድ ጭብጥ ቡና ለስድስት ቤት ይበቃል። የትልቁ ልጅ ዩኒፎርም ተጣብቦ ለትንሹ ይደርሳል። በሦስት ጉልቻ ፋንታ «ምርጥ» የሚባለውን የሲሚንቶ ምድጃ ያስገባች ጎረቤት ደግሞ ለእንጀራ ጋገራ የሚሄደው ማገዶ እስከ ግማሽ ቀንሶላታል። ጭሱም ስለሚቀንስ ለዓይንና ለሳንባ ይበጃል። የነርስ ዓይን ቀድሞ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ድሃ ቤት ብዙ ጊዜ ውድ የሚገዛው በጥቂቱ ስለሚገዛ ነው። ዘይት በስኒ፣ ስኳር በትንሽ ፌስታል፣ ከሰል በጣሳ የሚገዛ ሰው በወሩ መጨረሻ ሲደመር ጀሪካኑንና ኩንታሉን ከገዛው በላይ ይከፍላል። አንድ ላይ የሚከፍለው ስለሌለው ነው እንጂ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። በሰፈራችን አራት ሴቶች መላ አበጁለት። እቁብ እንደሚጣለው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ ወሩ ሲደርስ አንድ ትልቅ ጀሪካን ዘይት ገዝተው ይካፈላሉ። ገንዘቡን የምትይዘው አንዷ፣ የምትጽፈው ሌላዋ ናት። እስካሁን ጠብ የለም።

ወደ መርሳ ስትወርዱ መሐል ላይ ሲሪንቃ አለች። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በሰሜንና በደቡብ ወሎ ገበሬ ዘንድ የታወቀ ነው። በሀብሩዋ ግራና ስም የተጠራችው «ግራና-1» የተባለችው የማሽላ ዝርያ የወጣችው ከዚሁ ነው። ዝናብ ቶሎ ለሚያቋርጥበት አገር ቶሎ የሚደርስ ዘር ማግኘት ራሱ ቁጠባ ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየን ሰዎች ይህ ይገባናል። አያቶቻችን ከማዕድ የወደቀች ፍርፋሪ አንስተው ስመው የሚያስቀምጡት በንፍገት አልነበረም።

መርሳ የፍራፍሬ አገር ናት። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ብርቱካኑ መንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቃል። አውቶቡስ ሲቆም ልጆች ሣህናቸውን ይዘው ወደ መስኮት ይሮጣሉ። ተሳፋሪው ይቸኩላል፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ያሰማል፤ የተጠራው ዋጋ ሳይጠየቅ ይከፈላል። እግሩን ዘርግቶ ሃምሳ እርምጃ ወደ ገበያው የገባ ሰው ያንኑ መደብ በረከሰ ዋጋ ያገኘዋል። ለሻጮቹ ልጆች ግን አይጎዳምና አልፈርድም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አንዲት እናት ጠዋት ከጓሮዋ የለቀመችውን ፓፓያና እንቁላል ተሸክማ ገበያ ትወጣለች። ሁሉንም ትሸጥና ለሕፃኗ የታሸገ ብስኩትና ባለ ቀለም ጭማቂ ገዝታ ትመለሳለች። ልጇን ያከበረች ይመስላታል። የበሰለ ፓፓያና ማንጎ ለዓይን ብርሃንና በሽታን ለመከላከል የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ ለሰውነት ይሰጣል፤ እንቁላሉ ደግሞ ገንቢ ምግብ ነው። ብስኩቱ ስኳርና ዱቄት ነው። ያቺ እናት ገንዘብ አላባከነችም፤ ጥሩውን ሸጣ የማይረባውን ገዛች እንጂ። አያቶች ሆይ፣ ይህን ማረም የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ልጇ ስድስት ወር የሞላው ምራት ካለቻችሁ «ከአሥሩ እንቁላል ሦስቱ ከቤት አይውጣ» በሏት።

ሁለተኛው ቀዳዳ የየቀኑ ትንሽ ወጪ ነው። ጫት፣ ሲጋራ፣ የሞባይል ካርድ፣ አሁን ደግሞ ወጣቱን የያዘው የኳስ ውርርድ። በቀን 30 ብር ምንም አይመስልም። በወር 900፣ በዓመት ከ10,000 ብር በላይ ነው። በሀብሩ ይህ ገንዘብ የበግ ገንዘብ ነው። «ልጄ፣ በዚህ ዓመት በጎቹን በላሃቸው» ያለችውን አንዲት የመርሳ እናት አልረሳትም። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቆይቶ ግን መቁጠር ጀመረ።

እስካሁን የነገርኳችሁ የትንንሹ ሒሳብ ነው። ትልቁ ያለው ከመርሳ ወጣ ብሎ በየገጠር ቀበሌው ነው። ከሀብሩ ስንት ወጣት ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ዓረቢያ እንደገባ እዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። በሬ ተሽጦ፣ ብድር ተገብቶ ይሄዳሉ። እዚያ ሰው ቤት ያጥባሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ግመል ይጠብቃሉ። ገንዘቡ ወደ ቤት ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር አልፏል። የሚላከው ሪያልም በብር ሲቆጠር በዛ። ዕቃውም አብሮ ስለተወደደ ግን ቤተሰቡ በቁጥር ከበረ እንጂ በጎተራው እምብዛም አልተለወጠም።

አንድ የማውቃቸው አባት አሉ። ያደጉ ልጆቻቸውን ሁሉ ያኔ እኔ ከትቤያቸዋለሁ። ቤታቸው ስገባ ስኳሩ በማንኪያ ተቆጥሮ ነው የሚቀርበው፤ ክብሪት እንኳ ቆጥበው ከጎረቤት ፍም ያስጭራሉ። ግድግዳው ሥር ግን ላስቲኩ ያልተገፈፈ ሶፋ ተቀምጧል።

«ሲስተር» አሉኝ፣ «ልጅቱ ስድስት ዓመት ሠራች። ከላከችው የቀረው ይኸ ቆርቆሮና ይኸ ሶፋ ነው።»

«ሌላውስ አብዬ?»

«ለታናሿ ሠርግ ድንኳን ተከልን። ሁለት ሰንጋ ጣልን። ሰው ምን ይለናል ብለን።»

«ሰውስ ምን አለ?»

ትንሽ ዝም አሉ። «ምን ይላል፤ በላና ሄደ።»

ሳቅን፤ ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ልጅቱ ደውላ ወገቧን እንደታመመች፣ ጠቅልላ መግባት እንደምትፈልግ ነግራቸዋለች። ከዚያም «አባዬ፣ የእኔ ስንት ደረሰ?» ብላ ጠይቃለች። እሳቸው ኔትወርክ ተበላሸ ብለው ስልኩን ዘጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ሲጮህ ልባቸው ይደነግጣል።

የዚህች ልጅ ጥያቄ የስንት ቤት ጥያቄ ነው! ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ወራት ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ብዙዎቹ አንድ ሻንጣ ብቻ ይዘው ነው የገቡት። ቤተሰብ ክፉ ሆኖ አይደለም የሚበላው። ገንዘቡ የልጅ ላብ መሆኑ ተረስቶ የወንዝ ውኃ ይመስላል፤ ነገም የሚመጣ ይመስላል።

እኚያ አባት ከባለቤታቸውና ከታላቅ ልጃቸው ጋር ተማከሩ። እኔንም አስቀመጡኝ። በመጨረሻ የወሰኑት ቀላል ነው። አንደኛ፣ ለልጅቱ እውነቱን ራሳቸው እንዲነግሯት። ሁለተኛ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሦስት ቦታ እንዲከፈል፦ አንዱ ለቤት ቀለብ፣ አንዱ ለዕዳ፣ አንዱ በልጅቱ ስም ባንክ እንዲገባ። ወለድ ስለማይፈልጉ ባንኩ ከወለድ ነፃ የሆነውን ሒሳብ አሳያቸው። ሦስተኛ፣ ሶፋው እንዲሸጥ። ሦስተኛው ላይ ባለቤታቸው ትንሽ አጉረመረሙ፤ ኋላ ግን «ላስቲኩ ሳይገፈፍ ይሽጥልኝ» ብለው ፈቀዱ።

ስልኩ ሲደወል እኔ አልነበርኩም። እንደነገሩኝ ልጅቱ መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ «አብሽር አባዬ፣ ዋናው እናንተ አላችሁ» አለችው። አንድ ዓመት ጨምራ ልትሠራ ወስናለች። ያ አንድ ዓመት በታመመ ወገብ ነው የሚሠራው። የድንኳኑ እውነተኛ ዋጋ እሱ ነው።

ለመጠባበቂያ የሚሆን ሁለት ነገር ልጨምር። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያ በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበር። በሒሳቡ ገንዘብ ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። ያቆየን በየጓዳው የተረፈው እህልና የተካፈለው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ቁጠባ ሲባል የባንክ ደብተር ብቻ አይምሰላችሁ፤ የሦስት ወር ማሽላና በርበሬም ቁጠባ ነው፤ በሰላም ጊዜ ቅሬ ሳያስታጉሉ መገኘትም ቁጠባ ነው።

ሌላው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዷ ከእኛ ደቡብ፣ በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው ተሁለደሬ ነበረች። ገበሬውና መደበኛ ደመወዝ የሌለው ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ከፍሎ ቤተሰቡን ሙሉ ያሳክማል። «አምና ማንም አልታመመም፣ ዘንድሮ ምን አስከፈለኝ» የሚል ሰው ብዙ ገጥሞኛል። ያለፈውን ዓመት ጤና ቆጥሮ የዘንድሮውን ያቋረጠ፣ ለአንድ ቀዶ ሕክምና ጥማድ በሬውን ሲሸጥ አይቻለሁ። እህል በተሸጠ ሰሞን፣ ገንዘቡ ሳይበተን መታወቂያውን አሳድሱት።

ጋብቻ ይደገስ፤ ወሎ ያለ ድግስና ያለ ምርቃት አይሆንላትም። ግን ከድንኳኑ በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ይህ ገንዘብ የማን ላብ ነው? ለባለቤቱስ ስንት ቀረለት?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ሩቅ አገር ላለችው ልጅ በስልክ ሳያፍሩ መንገር ከተቻለ ድግሱ የሚገባ ድግስ ነው። እስከዚያው ቡናውን ተራ በተራ አፍሉ፤ የዚህ ሳምንት ተረኛ እኔ ነኝ።