32767 ብሎ መለሰ

ዜድኤክስ ስፔክትረም ሲታመም አያማርርም። በ1982 እንግሊዝ አገር የወጣ የቤት ኮምፒውተር ነው። ሲበራ ሜሞሪውን ራሱ ይፈትሻል፤ የተበላሸ ቦታ ሲያጋጥመው እዚያው ያቆምና «በቃ፣ ያለኝ እስከዚህ ነው» ብሎ ይቀበላል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የአምራቹን ስም ጽፎ ይጠብቃችኋል።

ታች ፎቅ የሚኖሩት የለንደን ጎረቤቴ ያመጡልኝም እንዲህ ሆኖ ነው። የሟች ወንድማቸው ነበር። አብሮት ያለው ካሴት ላይ ወንድማቸው የጻፉት ፕሮግራም አለ፤ ለመጫን ግን 48 ኪሎባይት ይፈልጋል። ሜሞሪህ የት ድረስ ነው ብዬ ስጠይቀው 32767 አለኝ። 65535 ማለት ነበረበት። ማለትም የላይኛው 32 ኪሎባይት በሙሉ የለም ብሏል።

ያ የላይኛው ክፍል ስምንት ቺፖች ነው፤ እያንዳንዷ ከአንድ ባይት አንድ ቢት ብቻ ትይዛለች። ስለዚህ በሽተኛዋን መለየት ቀላል ሒሳብ ነው። አድራሻ 40000 ላይ 0 ጻፍኩ፣ መልሼ ሳነብ 8 ሆነ። ሌሎች አድራሻዎችም ላይ ያው 8። ከታች አራተኛዋ ቢት 1 ላይ ተቸንክራለች ማለት ነው።

በነገራችን ላይ እነዚህ ቺፖች ሲገጠሙም ሙሉ ጤነኛ አልነበሩም። 64 ኪሎቢት እንዲይዙ ተሠርተው ግማሻቸው ያልሠራ ናቸው፤ አምራቹ ወጪ ለመቀነስ ጥሩውን ግማሽ ብቻ ተጠቀመ። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ቦርዱ ላይ አንዲት ሽቦ ትወስናለች። እኔ በምትኳ ሙሉ ጤነኛ 64 ኪሎቢት ቺፕ ገዛሁ። አገዛዙ ላይ ግን ጥንቃቄ አለው፦ ፕሮሰሰሩ ዜድ80 ሜሞሪውን እንዳይረሳ የሚያድሰው 128 ረድፍ ብቻ ስለሆነ፣ 256 የሚፈልገው ዓይነት አይሆንም።

የአሮጌዋን 16 እግሮች በመቁረጫ ቆርጬ አነሳኋት። ቦርዱን ከማቃጠል የሞተችውን ቺፕ መቆራረጥ ይሻላል። በቦታዋ ሶኬት ገጠምኩ፣ አዲሷን ሰካሁ፣ አበራሁ። 65535።

በዚህ ቁጥር ግን አላመንኩም። የማሽኑ ፈተና በየቦታው 2 ጽፎ እስከ 0 መቀነስ ብቻ ነው፤ የላይኞቹ ስድስት ቢቶች 1 መያዝ መቻላቸውን ጭራሽ አይጠይቅም። ሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ቴስት ቢመጣልኝ አላሳልፈውም ነበር። ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ፦ ሁሉም ቦታ መጀመሪያ 0፣ ቀጥሎ 255፣ በመጨረሻ ከአድራሻው የተሰላ ቁጥር። የመጨረሻው የግድ ነው፤ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዘ ሁለት አድራሻ አንድ ቦታ ላይ ቢያርፍ አይታወቅም። ቤዚክ ቀርፋፋ ነውና ራት በልቼ ተመለስኩ። ስህተት የለም።

ካሴቱ ሁለቴ አልጫንም ብሎ በሦስተኛው ተጫነ። የእግር ኳስ ውጤት መመዝገቢያ ነው። ስፔክትረም ፕሮግራም ሲቀዳ የተሞላውን መረጃም አብሮ ስለሚቀዳ፣ ወንድማቸው ያስገቧቸው ውጤቶች በሙሉ አሉ። ጎረቤቴ ወንበር ስበው ከላይ ጀምረው ማንበብ ያዙ።