ጀሪካኑ ለአባወራው የጻፈው ደብዳቤ

ከጣርማ በር ብርድ ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አልፋችሁ ከሚሴ ስትደርሱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጉዟችሁ እሁድ ከሆነ ሰንበቴ ገበያ ላይ ቆም በሉ፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው አንድ ሜዳ ላይ ሲገበያይ ልጆቻችሁ ይዩ።

ከዚያ ጨፋ ነው። የቦርከና ወንዝ የሚያርሰው ይህ ሸለቆ በበጋም አረንጓዴ ነው። ሌላው አገር ሲደርቅ አርብቶ አደሮች ግመልና ከብታቸውን እየነዱ የሚመጡት ለዚህ ሣር ነው። የስምንት ዓመቱ ልጄ ከመኪናው መስኮት አልተነሳም። ያረፍንበት የዘመዶቻችን ቤት ግን የሚጠጣው ከቦኖ፣ በወረፋ ነው፤ የረግረጉ ውሃ ለከብት እንጂ ለሰው አይሆንም።

ማታ መብራት ጠፋ። ልጆቹ እንቆቅልሽ ጀመሩ፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአፋን ኦሮሞ። እንቆቅልሽ ዕቃን ስሙን ሳይጠሩ መግለጽ ነውና፣ ዕቃው ራሱ ቢጽፍስ አልኩ። ማርኬቲንግ ነው ሥራዬ፤ ሰው ማግባባት አይለቀኝም። ደንቡን ነገርኳቸው፦ ከቤት አንድ ዕቃ ሁኑ፣ ለቤቱ ሰው ጻፉ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፣ ምክንያት ስጡ።

የኔው ካልሲ ሆኖ እንዳይታጠብ ለመነ። ምክንያቱ አላሳመነኝም።

የአሥራ አንድ ዓመቷ የቤቱ ልጅ ጀሪካን ሆነች። የምትማረው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው ጻፈች፤ እናቷ ተረጎመችልን።

«ለአባወራው። እኔ ቢጫው ጀሪካን ነኝ። ስሞላ ሃያ ኪሎ እሆናለሁ። በዚህ ቤት ትልቅ ጀርባ ያለው አህያው ነው፤ እሱ ግን ከገበያ ቀን በስተቀር ጓሮ ቆሞ ይውላል። እኔን የምታዝለኝ ልጅህ ናት። የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል እኛ ገና መንገድ ላይ ነን። አህያውን ጠዋት ጠዋት ስጠን። እኔና ወንድሜ ግራና ቀኝ ተጭነን፣ እሷ ሁለቴ የምትመላለስበትን ውሃ በአንዴ እናመጣልሃለን።»

እዘኑልኝ አላለችም፤ አባትየው የሚያተርፈውን ነገረችው። እኔ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። ደግሞ በራሷ አፍ ብትጠይቅ አባቷን የደፈረች ትመስላለች፤ ጀሪካን ግን ማንንም አይፈራም።

ቤታችሁ ስትሞክሩት የፊደል ስህተት አትልቀሙ። ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ የተጻፈለት ሰው መልስ ሳይሰጥ እንዳይተኛ። ይህቺ የመጨረሻዋ ደንብ ከሁሉም ትበልጣለች፤ እኔም የጨመርኳት እዚያው፣ አባትየው ዝም ብለው ሻማውን ሲያዩ ነው።

ቆይተው ሳቅ አሉና «አህያውስ ምን ይላል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጠዋት ብቻ ከሆነ እሺ ብሏል» አለች።