ሥራ ሳይጀምር ራሱን የሚመረምር

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ጧት ከቢሮህ ገብተህ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ከተጫንህ በኋላ፣ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ምን እንደሚደረግ ጠይቀህ ታውቃለህን? እኔ ለብዙ ጊዜ አልጠየቅሁም። ባለመጠየቄም በሰው ላይ ያደረስሁትን ላጫውትህ።

በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ በጀመርሁበት ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ኮምፒውተር አሮጌ ነበር። ውሎ አድሮም በበራ ቁጥር የሚሞሪ ስሕተት መኖሩን በእንግሊዝኛ እየጻፈ፣ ለመቀጠል «ኤፍ 1» የተባለውን ቁልፍ እንድጫን ይጠይቀኝ ጀመር። እኔም እጫናለሁ፤ እርሱም ይቀጥላል። ሁለት ወር ያህል እንዲህ እየተላለፍን ቆየን።

አንድ ቀን የቀን ሠራተኞችን የክፍያ ዝርዝር ሳዘጋጅ ኮምፒውተሩ ድርቅ ብሎ ቀረ። መልሼ ባበራው ፋይሉ ተበላሽቷል። ዝርዝሩ ከወረቀት እንደገና እስኪለቀም ድረስ ሠራተኞቹ ሦስት ቀን ያለ ገንዘብ ዋሉ። አንዲት በዕድሜ የገፉ የጽዳት ሠራተኛ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ዛሬስ ደረሰልን?» ሲሉኝ፣ ለአለቃዬ የነገርሁትን ለእርሳቸውም ደገምሁላቸው፤ «ኮምፒውተሩ ነው ያጠፋው፣ እማማ።»

የጥገና ባለሙያው መጥቶ ሲያበራው ያው ጽሑፍ ብቅ አለ። ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚለው?» አለኝ። ዝም አልሁ።

ነገሩን ለመማር የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የማይጠፋ፣ በተለምዶ «ባዮስ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ፕሮሰሰሩ ኃይል እንዳገኘ የመጀመሪያውን ትእዛዝ የሚቀበለው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን አይቢኤም ፒሲ ለምሳሌ ብንወስድ፣ ፕሮግራሙ በቅድሚያ የሚፈትነው ፕሮሰሰሩን ራሱን ነው፤ ዳኛው የታመመ እንደሆነ ፍርዱ አይታመንምና። ቀጥሎ የፕሮግራሙ የራሱ ጽሑፍ እንዳልተበላሸ በድምር ያረጋግጣል። ወደ ሚሞሪው ሲደርስ ደግሞ የታወቁ ቁጥሮችን ይጽፍበትና መልሶ ያነብባቸዋል፤ የጻፈውንም ካነበበው ጋር ያስተያያል። ይህም አደራ ሰጥቶ አደራውን ቆጥሮ እንደ መረከብ ነው። የስክሪኑ ክፍል፣ ኪቦርዱና የዲስክ መሣሪያውም በየተራቸው ይፈተናሉ።

ታዲያ ስክሪኑ የማይሠራ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ችግሩን በምን ይናገራል? በድምፅ ነዋ! በዚያ ኮምፒውተር አንድ አጭር ጩኸት «ደኅና ነኝ» ማለት ነው፤ አንድ ረዥምና ሁለት አጭር ጩኸት ግን የስክሪኑ ክፍል መታመሙን ያስታውቃል። ሌሎች ፋብሪካዎችም የየራሳቸው የጩኸት ቋንቋ አላቸው።

ይህ ምርመራ ሁሉን ያያል ማለት አይደለም። ቀጥ ብሎ የማይታይ፣ አንዳንዴ ብቻ ብቅ የሚል ጉድለት ሊያመልጠው ይችላል። ያገኘውን ግን አይደብቅም፤ አለቃ አይፈራም፤ ለነገም አያሳድርም።

እንግዲህ «ኮምፒውተሩ ነው ያጠፋው» ማለቴ ሐሰት ነበር። እርሱ ሁለት ወር ሙሉ ጧት ጧት ነግሮኛል፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ለሚመለከተው ሰው አልተናገርሁም። የሚሞሪው ቁራጭ በአዲስ ሲተካ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

በመጨረሻ እውነቱን ለአለቃዬም ለእማማም ነገርሁ። አለቃዬ ተቆጡኝ። እማማ ግን ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ለካ እሱስ ተናግሮ ነበር» አሉኝ። ከቁጣው ይልቅ ይህ ቃል ከበደኝ።

አንተም፣ አንባቢዬ፣ ነገ ጧት ኮምፒውተርህ አንዳች ነገር የጻፈልህ እንደሆነ፣ ቁልፉን ከመጫንህ በፊት አንብበው፤ ካልገባህም ለሚያውቅ ሰው ንገር።