ሆድ ዕቃው የሚታይ የኦቶሞቢል ሞቶር ከወዴት መጣ?

ዕቃ አፍ የለውም፤ ነገር ግን የሚጠይቀው ሰው ትዕግሥት ካለው ትውልዱን ከመናገር አይከለከልም። ይህን ያስተዋልሁት በአሜሪካ አገር፥ በሚሺጋን ግዛት፥ በኦቶሞቢል ሥራ ስሟ በዓለም በታወቀው በዲትሮይት ከተማ በእንግድነት በሰነበትሁ ጊዜ ነው።

ካረፍሁበት ቤት አጠገብ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ወይዘሮ በጓሮአቸው ጋራዥ ውስጥ በእንጨት መቆሚያ ላይ የተቀመጠ አንድ የቈየ ሞቶር ነበራቸው። ይህ ሞቶር እንደ ሌላው ድፍን አይደለም፤ ጎኑ ተቈርጦ ተከፍቷልና ሆድ ዕቃው ሁሉ ይታያል። የተቈረጠው ጠርዝ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ወይዘሮዪቱ እጀታውን ቀስ ብለው ሲያዞሩት አራቱ ፒስተኖች በየተራቸው ይወጣሉ፥ ይወርዳሉ፤ ቫልቮላዎቹም ይከፈታሉ፥ ይዘጋሉ። ፒስተኑ መጀመሪያ ሲወርድ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ይስባል፤ ሲወጣ ይጨምቀዋል፤ የካንዴላው ብልጭታ ድብልቁን ሲያቃጥለው በኀይል ይወርዳል፤ ዳግመኛ ሲወጣ የተቃጠለውን ጢስ ያስወጣል። በመጽሐፍ ብዙ ገጽ የሚፈጀው ትምህርት በዚህ ብረት ላይ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ለዐይን ይገለጣል።

ስለ ሞቶሩ አመጣጥ ግን በቤቱ ሁለት ዐይነት ወሬ ነበረ። አንደኛው፥ የፎርድ ኩባንያ ራሱ ኦቶሞቢል በሚሸጥበት ቤት መስኮት ለገዢዎች እንዲታይ ያሠራው ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የወይዘሮዪቱ አባት በፎርድ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ በገዛ እጃቸው የቈረጡት ነው የሚል ነው። አንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢም መጥቶ፥ የኩባንያው ሥራ መሆኑ ቢታወቅ ከፍ ያለ ዋጋ እከፍላለሁ ብሎ ነበር። ወይዘሮዪቱ የሚያፈስ ጣራቸውን ለማሳደስ ገንዘቡን ይፈልጉት ነበር። ነገር ግን፥ «እውነቱን ሳላውቅ ብሸጠው በአባቴ ስም እንደ መዋሸት ይሆንብኛል፤ እባክዎ አብረን እንመርምር» አሉኝ።

የምርመራችን መጀመሪያ ቍጥሩ ሆነ። የፎርድ ሞዴል ቲ የሚባለው ኦቶሞቢል በሞቶሩ ግራ ጎን፥ ውሃ ከሚገባበት አፍ በላይ፥ ቍጥር ተመትቶበታል። ብረቱ በቀለጠበት ጊዜ የፈሰሰበት ቀን ደግሞ በሞቶሩ አካል ላይ ወጥቶ ይነበባል። ዝገቱን በቀስታ ብንጠርገው፥ ቍጥሩ ከ9 ሚሊዮን 900 ሺህ የሚበልጥ፥ ከ10 ሚሊዮን የሚያንስ ሆኖ አገኘነው፤ ብረቱም የፈሰሰው በ1924 ዓ.ም. በሜይ ወር መሆኑን ቀኑ ያመለክታል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በማግሥቱ ወደ ፒኬት ጎዳና ሄድን። በዚያ በ1904 ዓ.ም. የተሠራ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ሕንፃ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሞዴል ቲዎች በ1908 ዓ.ም. የወጡት ከዚህ ነው። ዛሬ ቤቱ ቤተ መዘክር ሆኗል። ነገር ግን በዚህ ቤት የተሠሩት በሺህ የሚቈጠሩ እንጂ በሚሊዮን የሚቈጠሩ አልነበሩም፤ ስለዚህ የኛ ሞቶር የዚህ ቤት ልጅ አለመሆኑን ዐወቅን።

ከዚያም በዉድዋርድ ጎዳና ወደ ሃይላንድ ፓርክ ተጓዝን። ይህች ትንሽ ከተማ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል በዲትሮይት የተከበበች ናት። ፎርድ በ1910 ዓ.ም. ሥራውን ወደዚህ አዛወረ፤ ከሰፊው ፋብሪካ ከፊሉ ዛሬም ቆሟል። በ1913 ዓ.ም. ሠራተኛው በስፍራው ቆሞ ሥራው ወደ እርሱ እየተጓዘ እንዲመጣ በተደረገ ጊዜ፥ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የአንድ ኦቶሞቢል ሻንሲ መገጣጠም ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። በጁን 4 ቀን 1924 ዓ.ም. ዐሥር ሚሊዮንኛው ሞዴል ቲ ወጣ። እንግዲህ ከዚህ ቍጥር በጥቂት የሚያንሰው የኛ ሞቶር፥ ከዚያ ቀን ጥቂት ሳምንት ቀድሞ መወለዱን ቍጥሩና ብረቱ የፈሰሰበት ቀን ተስማምተው መሰከሩ። የእጅ ሥራው ትምህርት ቤትም በ1916 ዓ.ም. የተከፈተው በዚችው ከተማ ነበረ፤ እስከ 1952 ዓ.ም. ድረስም ወጣቶችን ሲያስተምር ኖሯል።

ቍጥሩ የሞቶሩን ልደት ነገረን እንጂ ማን እንደ ቈረጠው አልነገረንም። ስለዚህ ወደ ጋራዡ ተመልሰን መብራት ይዘን ውስጡን መረመርን። በዚያም ሦስት ነገር አየን። አንደኛ፥ ቴስታታ በሚባለው ክዳን ጓዳና በቫልቮላዎቹ ጀርባ ጥቀርሻ ደርቆ ነበር። ሁለተኛ፥ በሲሊንደሮቹ አፍ አጠገብ የፒስተኑ ቀለበት ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ብረቱን በመብላቱ የተረፈች ጠርዝ በጣት ትዳሰስ ነበር። ሦስተኛ፥ ከቀዩ ቀለም በታች፥ በመሰርሰሪያ ተራ በተራ ተበሥተው ኋላ በሞረድ የተስተካከሉ የብዙ ቀዳዳዎች ፈለግ ይታይ ነበር፤ ተራውም እዚህ ቀና፥ እዚያ ጎበጥ ያለ ነው።

ለገዢ መስኮት የሚዘጋጅ ሞቶር አዲስ ሆኖ ሳለ ይቈረጣል እንጂ መንገድ ለመንገድ ሲቃጠል ኖሮ አይቈረጥም። ትልቅ መቍረጫ መኪና ያለውም ፋብሪካ ቀዳዳ በቀዳዳ እየበሣ አይደክምም። ስለዚህ ይህ ሞቶር አንድ ጊዜ ሰው ሲያጓጕዝ ኖሮ፥ ካረጀ በኋላ በትዕግሥተኛ እጅ ለትምህርት የተከፈተ ነው። ያ እጅ የአባታቸው እጅ ነውን? ከቤቱ ወሬ ጋራ ሁሉ ይስማማል፤ ነገር ግን ስም የተጻፈበት ስፍራ አላገኘንም።

ወይዘሮዪቱ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ለሰብሳቢው ያየነውን ሁሉ ሳያስቀሩ ነገሩት። እርሱም ዋጋውን ከግማሽ በታች አወረደው። እርሳቸው ግን፥ «ጣራውን በሌላ መንገድ አሳድሳለሁ፤ ይህን አልሸጠውም» ብለው መለሱለት። ያን ጊዜ ጠርዙን በጣታቸው ይዳስሱ ነበር፤ ጣታቸውም ጎበጥ ካለው ስፍራ ሲደርስ ቆም ይል ነበር።

በመጨረሻ ወረቀት አምጥተው በሁለት ከፍለው ጻፉ። በአንደኛው ወገን፥ «የታወቀው» ብለው ቍጥሩንና ቀኑን አሰፈሩ፤ በሁለተኛው ወገን፥ «የሚነገረው» ብለው የአባታቸውን ስም ጻፉ። ወረቀቱንም ከመቆሚያው በታች ለጠፉት።

አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ከአያት የወረደ ዕቃ ቢኖር ማን እንደ ሠራው፥ መቼና ከወዴት እንደ መጣ፥ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀህ ጻፍ። ብረት የተወለደበትን ቀን ይዞ ይቈያል፤ የሠራውን ሰው ስም ግን ሰው ካልጻፈው አይዝም።