ዋንጫው የማን ነው?

ቆጠራ እወዳለሁ። ግጥም የሚወድ ሰው ቆጠራ ቢወድ ምን ይደንቃል? ስንኝስ የሚለካው በቀለም ቆጠራ አይደለምን? ስለዚህ መጋቢት መጥቶ የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ሲጀመር፣ እኔም እንደ አገሬው ወረቀትና እርሳስ ይዤ፣ ከኮንፈረንሶቹ የትኛው ብዙ ዋንጫ እንደበላ እቆጥራለሁ።

ለማያውቀው አንባቢ፦ ኮንፈረንስ ማለት ኮሌጆች ዓመቱን ሙሉ እርስ በርስ የሚጋጠሙበት ማኅበር ነው። በማኅበሩ ውስጥ ባላንጣ የነበሩት፣ በ1939 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወደተጀመረው ታላቅ ውድድር ሲገቡ ግን የአንድ ቤት ልጆች ተብለው ይቆጠራሉ።

ቁጥሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የምዕራቡ ፓክ-ትዌልቭ የሚኮራበት ብዙ ነበረው፤ የጆን ውድን ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 ዓመታት 10 ዋንጫ ወስዷል። ዩ.ሲ.ኤል.ኤን ከቆጠራው ብናወጣ ግን፣ ከ1960 ወዲህ ለዚያ ቤት የሚቀርለት የአሪዞና የ1997 ዋንጫ ብቻ ነው። በአንጻሩ በ1953 የተመሠረተው ኤ.ሲ.ሲ. በአምስት ልዩ ልዩ ልጆቹ ዋንጫ በልቷል፤ በኖርዝ ካሮላይና፣ በዱክ፣ በኖርዝ ካሮላይና ስቴት፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ። አንድ ጀግና ያለው ቤትና ብዙ ብርቱ ልጆች ያሉት ቤት እኩል ይመዘናሉን? ቢግ ኢስት ደግሞ በ1985 ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ሦስቱን አሰለፈ። በ2011 በዚያው ማኅበር ውስጥ ዘጠነኛ የነበረው ዩኮን፣ አገር ምድሩን አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ።

እርሳሴ የሚቆመው ሜሪላንድ ላይ ስደርስ ነው። ሜሪላንድ በ2002 ዋንጫ ሲበላ የኤ.ሲ.ሲ. ልጅ ነበር፤ በ2014 ቤቱን ለቅቆ ወደ ቢግ ቴን ገባ። ቢግ ቴን ደግሞ ከሚሺጋን ስቴት የ2000 ድል በኋላ እስከ 2025 ድረስ አንድም ዋንጫ አላየም። ታዲያ ያ ዋንጫ የማን ነው? የወጣበት ቤት ነው ወይስ የገባበት? የአገሬ ልጆች በብዛት በሚኖሩበት በሜሪላንድ ለምኖር ለእኔ ጥያቄው የኳስ ብቻ አይደለም። አገር ቤት ሳለሁ የጻፍኳቸው ግጥሞች፣ ዛሬ በየትኛው መዝገብ ይቆጠራሉ? በ2024 ከፓክ-ትዌልቭ አሥር ኮሌጆች በአንድ ጊዜ ሲበተኑ፣ ዩ.ሲ.ኤል.ኤም ወደ ቢግ ቴን ሲሄድ፣ ያንኑ ጠየቅሁ።

ከዚህ የከበደው ግን በቁጥር የማይገባው ነው። በደቡቡ ማኅበር በኤስ.ኢ.ሲ.፣ ሚሲሲፒ ስቴት በ1959 እና በ1961 የማኅበሩ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ወደ ታላቁ ውድድር አልሄደም፤ ጥቁር ተጫዋቾች ያሏቸውን ቡድኖች መግጠም በክፍለ ግዛቱ ነውር ተብሎ ነበርና። በሰንጠረዡ ላይ ያ ባዶ ቦታ ከሽንፈት አይለይም። በ1963 ቡድኑ የፍርድ ቤት እግድ ወጥቶበት ሳለ ሹልክ ብሎ ወጣ፤ አራት ጥቁር ቋሚ ተሰላፊዎች ከነበሩት የቺካጎው ሎዮላ ጋር እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ተጫወተ፤ 61 ለ51 ተሸነፈ። ሎዮላ ያን ዓመት ዋንጫውን በላ። በ1966 ደግሞ ቴክሳስ ዌስተርን አምስት ጥቁር ተጫዋቾች አሰልፎ የኤስ.ኢ.ሲ.ውን ኬንታኪ 72 ለ65 ረታ።

ያው ኤስ.ኢ.ሲ. በ2025 አሥራ አራት ቡድኖች ልኮ በፍሎሪዳ ዋንጫ በላ። ከተሰለፉት መካከል በዚያ ዘመን ፍርድ ደጁን እንኳ የማይረግጡት ስንት ነበሩ?

ሎዮላም ቴክሳስ ዌስተርንም ያን ጊዜ የማንም ኮንፈረንስ አባል አልነበሩም። ስለዚህ ማኅበራትን ስናወዳድር እነዚያ ሁለት ዋንጫዎች በማንም ዓምድ አይወድቁም፤ ቤት አልባ ናቸው። እኔ ግን በወረቀቴ ግርጌ፣ ከዓምዶቹ ሁሉ ውጭ፣ ለብቻቸው እጽፋቸዋለሁ፤ ድምሩንም ከእነርሱ እጀምራለሁ።