ሰው ለምን በአንድ ስፍራ ይበዛል?

እኛ የሱሉልታ ገበሬዎች ነን። ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ትገኛለች። ሜዳችን ሳር የሞላበት ነበር። ገብስና ጤፍ እንዘራ ነበር። ላም አልበን ወተቱን አዲስ አበባ እንሸጥ ነበር። ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ ቆሟል። ይህ ሁሉ ሰው ለምን እዚህ በዛ? ብለን ጠየቅን።

ሰው የሚሰፍረው ኑሮ በሚገኝበት ቦታ ነው። በደጋና በወይና ደጋ ዝናብ አለ። አፈሩ ያበቅላል። ወባም እንደ ቆላው አይበረታም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ያገራችን ሕዝብ የሚበዛው በከፍታው ላይ ነው። በአፋር ግን ዝናቡ ጥቂት ነው። አርብቶ አደሩ ውሃና ግጦሽ ተከትሎ ይጓዛል፤ ሰዉም ተራርቆ ይኖራል።

እስቲ ወርዱም ርዝመቱም አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት እናስብ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት፣ በአዲስ አበባ ይህን በሚያክል መሬት ላይ ወደ 5 ሺህ ሰው ይኖር ነበር። በአፋር ከ20 አይበልጥም ነበር።

ዝናብ ብቻውን ግን ከተማ አይሠራም። መንገድና ሥራም ሰው ይጠራሉ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ከእርስዋ የሚወጣው የጅማ መንገድ በሰበታ ያልፋል። የወለጋው በቡራዩ፣ የጎጃሙ በእኛ በኩል ያልፋል። ሰበታ ፋብሪካ አላት፤ የጅቡቲው አዲሱ የባቡር ሐዲድም የሚነሣው ከዚያ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሰበታም ቡራዩም እያንዳንዳቸው ወደ 49 ሺህ ሰው ነበራቸው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ሆኑ።

አንድ ተከራይ አለን። ከጎጃም የመጣ አናጢ ነው። ለምን እንደመጣ ጠየቅነው።

«አባባ፣ ያባቴ መሬት ለወንድማማች ሲከፋፈል ለእኔ አልደረሰኝም። ሥራው ያለው አዲስ አበባ ነው። የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ደግሞ አልቻልኩትም። እዚህ አድሬ ጠዋት በታክሲ እሄዳለሁ» አለን።

እውነቱን ነው። እኛን የጎዳን እሱ አይደለም።

መሬታችን ለቤት መሥሪያ ሲወሰድ ወረቀት ቀረበልን። ካሳው ስንት ብር፣ ማሳው ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ ተጽፎበት ነበር። እኛ ማንበብ አንችልም ነበር። አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን ፈረምን። ገንዘቡ በሁለት ዓመት አለቀ። ኋላ ልጃችን ወረቀቱን ስታነብልን፣ የተጻፈው ስፋት ከማሳችን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አቤት ብንል ጊዜው አልፏል ተባልን።

ሰው ወደ ከተማ መምጣቱን አይተውም። ከተማውም ወደ ገበሬው መምጣቱን አይተውም። እናንተም በከተማ ዳር የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ማሳችሁን አስቀድማችሁ ለኩ። ወረቀት ሲመጣ ቀለሙን ከመንካታችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ።

እኛም ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ስማችንን በገዛ እጃችን ጽፈን ፈረምን።