ስለ ተጣመመው ፓራፋንጎና ስለ ልጄ ጥያቄ

ትልቅ ጉዳት የደረሰበት ሰው የሚሄድበትን መንገድ ጉዳቱ ራሱ ያሳየዋል፤ ትንሽ ጉዳት ግን ሰውን በሁለት መንገድ መካከል አቁሞ ያመላልሰዋል። ባለፈው ኅዳር በፍስሐ ገነት በቤቴ ያገኘኝም ነገር እንዲህ ያለ ስለ ሆነ፥ መኪና ያላቸው ክቡራን አንባብያን ቢመለከቱት አይጎዳም ብዬ አሳጥሬ ጽፌዋለሁ።

በኮቸሬና በይርጋ ጨፌ አገር ኅዳር የቡና ወር ነው። በዚያን ቀን ጧት ፀሐይ ደኅና አድርጋ ስለ ወጣች፥ የ17 ዓመት ልጄ ለቡናው ማስጫ ስፍራ ለመልቀቅ ሲል፥ ማንም ሳያዘው አነስተኛይቱን የጭነት መኪናዬን አስነሥቶ ወደ ኋላ ሲመልሳት፥ የፊት ቀኝ ጐኗን ከግቢው በር የድንጋይ ዓምድ ጋር አጋጫት። ፓራፋንጎው ተጨራመተ፤ የፊት መብራቱ ተሰነጠቀ፤ ቀለሙም ክንድ ያህል ተፋቀ። ሰው ግን አልተነካም፤ ዓምዱም የራሳችን ነው።

መኪናይቱ ሙሉ መድን የተገባላት ስለ ሆነች፥ የመጀመሪያው አሳቤ ዲላ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄጄ ካሳ መጠየቅ ነበረ። ባለቤቴ ግን የቤቱን ሒሳብ የምትይዝ እርስዋ ናትና፥ «ከመሄድዎ በፊት ሒሳቡን እንይ» ብላ ወረቀትና እርሳስ አመጣች። የመንደራችን ላሜራ ሠሪ ከውጭ አይቶ ለማቃናቱና ለቀለሙ 12,500 ብር፥ ላገለገለ የፊት መብራት 6,000 ብር፥ በድምሩ 18,500 ብር ብሎናል። በሌላው ወገን ደግሞ በውሉ መሠረት በማንኛውም ካሳ ላይ እኛ የምንችለው ድርሻ 10,000 ብር ነው። የዓመቱ አረቦን 36,000 ብር ሲሆን፥ ካሳ ባለመጠየቃችን ከመቶ 20 ይቀነስልን ነበር፤ ካሳ ከጠየቅን ግን ይህ 7,200 ብር በሚመጣው ዓመት ይቀራል። በወናጎ በኩል ወደ ዲላ መመላለሻውን 1,500 ብር ብንለው፥ ድምሩ 18,700 ብር ይሆናል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 200 ብር ብቻ ሆኖ ተገኘ።

መድን ማለት በመሠረቱ ከእድራችን የራቀ ነገር አይደለም። ብዙዎች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው አንዱን ከከባድ ውድቀት ያድናሉ። ሰው ሲሞት የእድር ጥሩንባ ይነፋል፤ ለጉንፋን ግን አይነፋም። በአገራችን ይህ ሥራ በኩባንያ መልክ የቆየ ነው። ኢምፔሪያል የተባለው የአገር ውስጥ የመድን ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ተቋቋመ፤ በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. በጊዜው የነበሩት 13 ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱ፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንደ ገና ተፈቀዱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም የንብረት መድን የካሳ ውል እንጂ የትርፍ ውል እንዳይደለ ይደነግጋል።

ሒሳቡ እኩል ቢሆንም፥ በካሳው አዲስ ፓራፋንጎና አዲስ መብራት ስለሚገኝ ልቤ ወደዚያው አደላ። ነገር ግን ውሉን ገልጬ ባነብ፥ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳት ለሚደርስ ጉዳት ካሳ እንደማይከፈል ተጽፎ አገኘሁ። ልጄም ፈቃድ የለውም።

በማግስቱ አንድ ወዳጄ ለምሳ መጥቶ ነገሩን በነገርሁት ጊዜ ሳቀ። «ጌታዬ፥ ይህ ምን ያስጨንቅዎታል? እኔ ነበርሁ የነዳኋት ይበሉ። በግቢዎ ውስጥ የሆነውን ማን አየ? ለስንት ዓመት ከፍለው አንድ ቀን እንኳ አልተቀበሉ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ምክሩ አላስቀየመኝም፤ ይልቁንም ለምን ቀድሞ አልታሰበኝም አልሁ። ልጄ በዚያን ጊዜ ማስታጠቢያውን ይዞ ያስታጥበን ነበር። እንግዳው ከሄደ በኋላ በሩ አጠገብ ቆሞ፥ «አባቴ፥ ሰው ሲጠይቀኝ እንግዲህ እኔ አልነዳሁም ልበል?» አለኝ።

የምመልስለት ቃል አጣሁ። ይህ ልጅ መኪናይቱን ባጋጨ ጊዜ፥ እኔ ገና ከመኝታዬ ሳልወጣ መጥቶ ጥፋቱን በገዛ አፉ የነገረኝ ነው። ባለቤቴም ከጓዳ ሰምታ ኖሮ፥ «ሒሳቡን እኔ እንደ ገና አደርገዋለሁ፤ የልጁን ጥያቄ ግን እርስዎ ይመልሱለት» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በጧት ጠርቼ፥ «የነዳኸው አንተ ነህ፤ የምንከፍለውም እኛ ነን፤ አንተም ከላሜራ ሠሪው ዘንድ ሄደህ ታግዛለህ» አልሁት።

ላሜራ ሠሪው ብሎኖቹን ፈትቶ ፓራፋንጎውን ባወረደ ጊዜ፥ መብራቱን የሚይዘው ብረት ከውስጥ ተጣምሞ ተገኘ። ለዚህም 3,000 ብር ተጨመረ። ስለዚህ ወጪያችን 21,500 ብር ሆነ፤ ይኸውም ካሳ ጠይቀን ቢሆን ከምንችለው 2,800 ብር ይበልጣል። ገንዘቡ ለማድ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ካስቀመጥነው ወጣ፤ ጣራውም እስከ ሚያዝያ ድረስ ሲያፈስ ቆየ። ልጄ ሦስት ቅዳሜ እየሄደ አገዘ። ላሜራው ከውጭ ብረት ተደግፎ ከውስጥ በመዶሻ ሲቃና፥ እስቱኮው በስሱ ተቀብቶ ሲደርቅ፥ በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ ሲለሰልስ፥ የተራቆተውም ብረት ዝናብ ሳያገኘው ፀረ ዝገት ቀለም ሲቀባ በዓይኑ አየ። የቀረው ቀለም ፀሐይ ያደበዘዘው ስለ ነበረ አዲሱ አልተመሳሰለም፤ ልዩነቱ ዛሬም ይታያል።

ከዚህ የተማርሁትን ለአንባብያን ላካፍል። አንደኛ፥ የተጎዳው ስፍራ ተከፍቶ ሳይታይ ሒሳብ አይሠራ፤ እኔ በዚህ ተሳስቻለሁና። ሁለተኛ፥ የራስ ድርሻ፥ የሚቀረው ቅናሽና የመንገዱ ወጪ ተደምረው ከጥገናው ዋጋ ጋር ይመዘኑ፤ ጥገናው ከእነዚህ ካነሰ ወይም ከተካከለ በራስ ማሠራት ይሻላል። ጉዳቱ መሪውን፥ እግሮቿን ወይም ሻንሲዋን ከነካ ግን መድን የተገባው ለዚሁ ነውና ካሳ መጠየቅ ይገባል። ሦስተኛ፥ የንግድ ሕጉ አደጋው በታወቀ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲነገር ያዝዛልና፥ የሚያመነታ ሰው ቀኑን በማመንታት አይጨርስ። አራተኛ፥ የሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ከተነካ ነገሩን በስውር መጨረስ አይገባም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ ያደረገው ለተጎጂው ሲል ነው፤ ይህ መድን የራስን መኪና እንደማያሠራ ግን ሊታወቅ ይገባል።

ወዳጄ ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ያልተመሳሰለውን ቀለም እያየ ይስቅብኛል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ። ልጄ ግን በበሩ ሲያልፍ ያን ስፍራ በእጁ ይዳስሰዋል። በሚመጣው ዓመት 18 ዓመት ሲሞላው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዲላ ሄጄ ልማር ብሎ ለምኖኛል፤ እኔም ፈቅጃለሁ።